የድምፅ ቀረጻና ሙዚቃ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ዘንድሮ በወላጆች ቀን ዘጠነኛ ክፍሎች ድራማቸውን ሲያሳዩ ከጀርባ ይሰማ የነበረው ክራርና ዋሽንት ለብዙ ሰው ከኢንተርኔት የወረደ መስሎት ነበር። አልወረደም። እያንዳንዱን ድምፅ የቀረጹት፣ የቆረጡት፣ ስም ያወጡለትና በቦታው ያስቀመጡት የክበባችን ልጆች ናቸው። በመምህራን ማረፊያ «ይሄ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ፋይል ሲደረድር ከረመ» እንደሚባል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ደርድረናል። ይህን ዘገባ የምጽፈውም መደርደሩ ምን እንዳስገኘ ወላጆችና የሥራ ባልደረቦቼ እንዲያውቁልኝ ነው።

ከቤተ ሙከራው ቀጥላ ያለችውን ጠባብ ክፍላችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። መስከረም ላይ ስንከፍታት አንድ ደህና የሚሠራ ዴስክቶፕ፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ 500 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጧቸው ፍላሾች ነበሩን። ዲስኩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ውስጡን ስናየው ደግሞ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «ቢት አትንኩ» የሚሉ ፎልደሮች ናቸው፤ አንዱ የከበሮ ስብስብ በየፎልደሩ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከተለያየ ቦታ የወረዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳምፕሎች፣ ማለትም ለቅንብር የሚያገለግሉ አጫጭር የድምፅ ቅጂዎች፣ አሉ፤ ልጆቹ ግን የሚፈልጉትን ስለማያገኙት እነዚያኑ ሦስት አራት ድምፆች ይመላለሱባቸው ነበር።

ከዚህ የባሰ ችግርም ነበር። አንድ ልጅ ሰኞ የሠራውን ቅንብር ሐሙስ በሌላው ኮምፒውተር ሲከፍተው ትራኮቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፣ ድምፅ ግን የለም፤ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይደረደራል። ልጆቹ ሥራችን ተሰረቀ፣ ተሰረዘ እያሉ እስከ መጣላት ደርሰው ነበር። የተሰረዘ ነገር አልነበረም። ዊንዶውስ ውጫዊውን ዲስክ በአንዱ ኮምፒውተር ኢ ድራይቭ፣ በሌላው ኤፍ ድራይቭ ብሎ ይሰይመዋል። የቅንብሩ ፋይል የሚያስታውሰው የእያንዳንዱን ድምፅ ሙሉ አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት የቀየረን ሰው በድሮው ሰፈር እየዞረ እንደሚፈልግ እንግዳ ባዶ ቦታ ያንኳኳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር የዲስክ ማስተዳደሪያ ገብተን ለዲስኩ ሌላ መሣሪያ የማይቀድመውን ፊደል ሰጠነው፣ ኤስ ድራይቭ አልነው። ከዚያ ወዲህ በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አድራሻው አንድ ነው። ጠቡም ቆመ።

የቀረውን ደረጃ በደረጃ አስኬድነው። የኮምፒውተሩ የራሱ ዋና ዲስክ በሆነው በሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ብቻ እንዲቀመጡ ተስማማን። ፕሮግራም ሲጫን በሲስተሙ ውስጥ ብዙ ቦታ ስለሚመዘገብ ከቦታው መነቅነቅ የለበትም፤ የሳምፕል ስብስብ ግን ተራ ፋይል ነው፣ ከተዛወረ በኋላ አዲሱን አድራሻ ለፕሮግራሙ ማሳየት ይበቃል። ርዕሰ መምህራችን ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ባስፈቀዱልን ገንዘብ 240 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ፣ ፈጣን የሆነ ሌላ ዓይነት ዲስክ፣ ገዛን፤ በዚሁ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። ዘወትር የምንጠቀምባቸውን ሳምፕሎች ወደዚያ አዛወርን፣ የኤስ ድራይቭነቱንም ስም ለእሱ ሰጠነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የጥሬ ቅጂዎች ማኅደር ሆነ። ልዩነቱ ወዲያው ነው የተሰማው። ሃርድ ዲስክ የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ ወዲያና ወዲህ እየሄደ በመሆኑ፣ አሥራ ምናምን ትራክ በአንድ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ድምፅ ሲጠይቀው አይደርስም፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ልጆቹ ለዓመታት «ኮምፒውተሩ ደካማ ነው» ሲሉ የነበረው አብዛኛው በዲስኩ የመጣ ነበር።

ስለ ሶፍትዌርም አንድ ነገር ልናገር። ከተማ ውስጥ በፍላሽ የሚዞረውን፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ዘንድሮ ከክፍላችን አስወጥተናል። ቅሬታ ነበር፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ የለመዱ ልጆች ጥቂት ሳምንት አኩርፈዋል። ነገር ግን ከእነዚያ ፕሮግራሞች ጋር ቫይረስ ሲገባ እያየን፣ የሰው ልፋት መስረቅንም ለተማሪ እያስተማርን መቀጠል አልቻልንም። አሁን ለቀረጻና ለመቁረጥ ኦዳሲቲን፣ ለጀማሪዎች ኤልኤምኤምኤስን እንጠቀማለን፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ለቅንብር ሪፐር የሚባለውን ፕሮግራም ለ60 ቀን ሞከርነው፣ ወደድነው። የቅናሽ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ብሩን ልጆቹ አዋጥተው ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ አጥተን ስንንከራተት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከውጭ ከፈለልን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የወረዱት ሳምፕሎች የተደረደሩት በፈረንጅ ኖታ ነው፤ ከአንዱ የሙዚቃ ኪቦርድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው እኩል እርምጃ ነው። የእኛን ድምፆች እንዲሁ ልናደርግ ስንል አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ክራሩን ይዞ «በየትኛው ቅኝት የተቃኘው ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ሥራችንን ሁሉ ገለበጠው። በትዝታ የተቃኘ ክራርና በአንቺሆዬ የተቃኘ ክራር አንድ ፎልደር ውስጥ አይገቡም፤ ክሮቹ ያው ሆነው ድምፆቹ ሌላ ናቸው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ወሎ ነው። ባቲና አምባሰል ለሌላው አገር የቅኝት ስም ናቸው፣ ለእኛ ልጆች ዘመድ የሚጠይቁባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ የፎልደሮቻችንን ሥርዓት እኛው አወጣነው፦ መጀመሪያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ ቅኝቱ፣ ከዚያ ተጫዋቹ፣ ከዚያ ክሩ ወይም ቀዳዳው፣ መጨረሻ ላይ አመታቱ፣ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ጠንካራ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንድን ድምፅ ቀርጾ በብዙ ቁልፎች ላይ መለጠጥ ነው፤ ያኔ የተጫዋቹ ቅኝት ወደ ኪቦርዱ እኩል እርምጃ ይገባና ይጠፋል። እኛ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ቀርጸን በሪፐር የሳምፕል ማጫወቻ ለየራሱ አንዳንድ ቁልፍ ሰጠነው። ክሩ እንደተቃኘ ይሰማል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ስላለው ስብስቡም ትንሽ ነው፣ አሮጌው ኮምፒውተራችን እንኳ ይችለዋል።

ለዋሽንቱ ስንል ጥር ላይ ሐይቅ ከተማ ሄድን። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ወላጅ ሚኒባሳቸውን በነዳጅ ብቻ ሰጡን። ነፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ጎህ ሲቀድ ነበር የወጣነው። የሚጠብቁን አባት በነጠላ የተጠቀለሉ ዋሽንቶች ይዘው መጡ፣ አጭሩም ረጅሙም አለ። መጀመሪያ አምባሰል ነፉልን፤ ልጆቹ መቅረጫውን ረስተው ቁጭ ብለው አዳመጡ። ከዚያ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲነፉልን ስንጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ዜማ የሌለው ዋሽንት እንዴት አድርጌ ነው የምነፋላችሁ?» አሉ። ያስቀየምናቸው መሰለኝ፣ ምን እንደምል ግራ ገባኝ።

መልስ የሰጠቻቸው በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። አጠገባቸው በርከክ ብላ «አባባ፣ የርስዎን ዋሽንት ኮምፒውተር ውስጥ እንደገና ልንሠራው ነው። አንድ ድምፅ ከጎደለብን ልጆቹ የርስዎን አምባሰል መጫወት አይችሉም» አለቻቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩዋትና «በይ እሺ፣ ልጄ፣ አዘዢኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የእሷ ነበር። አራቱንም ቀዳዳ ዘግተው፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ረጅም አድርገው ነፉላት፤ ቀስ ብሎ፣ ጠንከር አድርጎ፣ ደግሞ እንደገና። ወፍ ከጮኸ ጣቷን ታነሳለች፣ ይደግሙላታል። የፋይሉን ቁጥር አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በደብተሩ ላይ ይመዘግባል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ ስለቀረጽን በደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ ነበር የሚወስደው፤ በውሰት ያገኘነው መቅረጫ ሚሞሪ ሲሞላ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ላፕቶፕ እየገለበጥን ቀጠልን።

ትምህርት ቤት ተመልሰን መቁረጥ ስንጀምር ክርክር ተነሳ። ደንቡ ሳምፕል ልክ ድምፁ ከሚጀምርበት ነጥብ ይቆረጥ ነው፤ ፊቱ ላይ ባዶ ቦታ ከቀረ ቁልፉን ተጭነህ ድምፁ ይዘገያል። ልጆቹም በደንቡ መሠረት ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት ያለውን ትንፋሽ ቆርጠው ጣሉት። እሷ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ሰማችና ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ ትንፋሹን ካወጣነው እኮ አባባ አይደሉም» አለችኝ። አስደምጣኝም ልክ ነበረች፤ ጥርት ያለ፣ የማንም ሊሆን የሚችል ድምፅ ነው የቀረው። ጥሬው ቅጂ በማኅደሩ ዲስክ ላይ በስሙ ስለነበር ሁሉንም መልሳ አወጣችው፤ ከዋሽንቱ ፎልደር ሥር «ትንፋሽ» የሚል አንድ ፎልደር ከፈተች፣ የተቆረጡትን ትንፋሾች ለየብቻ አስቀመጠቻቸው። አሁን ቅንብር የሚሠራ ልጅ ድምፁ ሳይዘገይበት ትንፋሹን በሚፈልግበት ቦታ ራሱ ያስገባዋል። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ሲያዳምጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥሬ ቅጂው ደግሞ እንደ ድሮው በአንዱ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ማዳመጧ ብቻውን አይረዳትም ነበር።

የቀሩትን ሥራዎች በአጭሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ተሰብስበናል። ለሚኒ ሚዲያ የመክፈቻና የመዝጊያ ሙዚቃ ሠርተናል፤ ለፀረ ኤድስ ክበብና ለሥነ ዜጋ ክበብ ጭውውቶች ድምፅ ቀርጸናል። የፋይል ስሞችን በላቲን ፊደል ብቻ እንድንጽፍ ተስማምተናል፤ በአማርኛ ስንጽፍ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም በጥያቄ ምልክት እየሞላ አልከፍትም ስላለን ነው፣ እንጂ ማንኛችንም አልወደድነውም። የአማርኛውን ዝርዝር በመዝገብ ይዘናል።

ያልተሳካም አለ። መጋቢት ላይ በአንድ ፍላሽ የገባ፣ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ገና ያልገለበጥናቸውን የከበሮ ቅጂዎች አበላሽቶብናል። መብራት በተደጋጋሚ እየሄደ ሲመጣም የአንዱ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ፤ እስከ ሰኔ በሁለት ኮምፒውተር ነው የሠራነው። ለስፖርት ትጥቅ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፣ ተገቢም ነው። ለክበባት ኤሌክትሪክ ዕቃ ግን «ካላችሁ ተጠቀሙ» ከሚል ያለፈ መልስ እስካሁን አላገኘንም።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ለምን እንዲህ አጥብቀን እንደምንናገር የከተማችን ሰው ይረዳኛል። በ2014ቱ ጦርነት የኮምፒውተር ክፍላችን ባዶውን ሲቀር የቀደሙት ተማሪዎች ቅጂዎች አብረው ሄደዋል፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ስለነበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ዛሬ የምንሠራባቸው በኤስኤስዲው ላይ፣ ጥሬዎቹ በሃርድ ዲስኩ ላይ ናቸው። ሦስተኛ ቅጂ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ካዝና እንዲቀመጥ ተፈቅዶልናል፤ ቅጂውን የምናስቀምጥበት ዲስክ ግን የለንም። ለጊዜው በጣም አስፈላጊዎቹን ብቻ በሁለት ፍላሽ አስቀምጠናል። ፍላሾቹ ደግሞ የተፎረመቱት ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አያያዝ ስለነበር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበሉም፤ ትልልቆቹን ቅጂዎች ለመያዝ እንደገና ልንፎርማታቸው ግድ ሆኗል።

ለ2018 ዓ.ም. የክራሩን አራት ቅኝቶች ጨርሰን ማሲንቆ እንጀምራለን፣ የጠፋውንም ከበሮ እንደገና እንቀርጻለን። የሚያስፈልገን አንድ ቴራባይት የሚይዝ ውጫዊ ዲስክ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፣ ሁለት ጆሮ የሚሸፍኑ ማዳመጫዎችና ለተቃጠለው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነው። ያገለገለ ከሆነም እንቀበላለን። ወላጆች በወተመህ (በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በኩል ልታነሱልን ትችላላችሁ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአረብ አገራት ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለክረምት ስትመጡ አንድ ዲስክ በሻንጣችሁ ብታስገቡልን የክፍላችንን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዕረፍቱም ወራት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር እዚያው ነን። ዋሽንቱንም እናስደምጣችኋለን።