የአውቶ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ውሃ የምትጠጣው» መኪና

የክበባችን የዘንድሮ ዕቅድ ሰፊ ነበር። ፍሬን፣ ባትሪ፣ ዘይት ቅየራ፣ ሁሉም ተጽፎ ነበር። አብዛኛውን ጊዜያችንን የበላው ግን የትምህርት ቤቱ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ «ውሃ ትጠጣለች» ብለው ነው ያስረከቡን። ጠዋት ይሞላሉ፣ ማታ ጎድሎ ያገኙታል። ዳገት ላይ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ይወጣል። ከሥሯ ግን ይህ ነው የሚባል ጠብታ አይታይም።

ተማሪዎቹ ኮፈኑ ሳይከፈት ነው የፈረዱት። ራዲያተሩ ይቀየር! ስለዚህ ሥራ ሳንጀምር አንድ ሕግ አወጣን። የሚያፈሰው ቦታ በዓይን ካልታየ ምንም ነገር አይፈታም። ሕጉ መጀመሪያ ላይ አልተወደደም። መፍቻ እጁ የገባ ልጅ ብሎን ሳይፈታ ማደር ይከብደዋል።

ሁለተኛው ሕግ ለድርድር አይቀርብም። ሞተር እንደሞቀ የራዲያተር ክዳን አይነካም። የዚህች መኪና ክዳን 0.9 ባር ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው። በዚህ ግፊት ተራ ውሃ የሚፈላው ወደ 118 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል። ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀው ውሃም እዚያው ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል።

ምርመራውን የጀመርነውም ከዚሁ ክዳን ነው። «ክዳን ደግሞ ምን ያበላሻል?» ያሉ ነበሩ። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መሞከሪያው ላይ ሲገጠም ከተጻፈበት ግፊት ግማሹን እንኳ አልያዘም። ግፊት ከሌለ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ በትርፍ ቱቦው ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይቀራል። መኪናዋ የቆመችበት መሬት ደረቅ የመሆኑ ምክንያት በከፊል ይኸው ነበር።

ክዳኑን ከቀየርን በኋላም ውሃው መጉደሉ አልቀረም። ያኔ የግፊት መሞከሪያውን አወጣን። ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው፤ በክዳኑ ቦታ ይገጠማል። ሞተሩን አጥበን አደረቅን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ ራዲያተሩን ሞላን፣ ከዚያ እስከ 0.9 ባር ነፋን። ከዚያ በላይ መንፋት ደህናውንም ቱቦ ሊቀድ ይችላል። በቀዝቃዛ ሞተር መሞከሩ ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። የጋለ ብረት ላይ ያረፈች ትንሽ ጠብታ መሬት ሳትደርስ ትተናለች።

የጌጁ መርፌ ቀስ እያለ ወረደ፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ባትሪ አብርተን ፈለግን። የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያ ሥር ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ያፈሰሰ ውሃ ሲደርቅ እንዲህ ያለ ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ከመጥበቁ የተነሳ ጎማውን ቆርጦታል። የቱቦው ማረፊያ አፍም ዝጓል። አፉን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፣ ቱቦውንም ማሰሪያውንም ቀየርን።

እዚህ ላይ ልጆቹን በደንብ ያከራከረ ነገር ነበር። እርጥበቱ በብዛት የሚታየው ከሞተሩ ኋላ ነው። ነገር ግን ቬንትሌተሩ ውሃውን ወደ ኋላ ይበትነዋል። ስለዚህ የረጠበ ቦታ ሁሉ ምንጭ አይደለም። ከረጠቡት ቦታዎች ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን መፈለግ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መስታወት ከውሃ ፓምፑ ሥር አስገብታ ዝገት የመሰለ መስመር አገኘች። መስመሩ የሚነሳው ከፓምፑ ሆድ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው።

ወዲያው «እንድፈናት» የሚል ሐሳብ መጣ። ቀዳዳዋ ግን የተበሳችው ሆን ተብሎ ነው። የፓምፑ ማኅተም ሲያረጅ የሚያልፈው ውሃ የፓምፑን ዘንግ የያዘው ኩሽኔታ ላይ እንዳይደርስ በእሷ ይወጣል። ብትደፈን ውሃው ኩሽኔታውን ይበላል፤ ፓምፑ ሲነቃነቅ ቺንጋውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፓምፑን ከነጋርኒሲዮኑ (በሁለት ብረቶች መሃል ገብቶ ማፍሰስን ከሚከለክለው ስስ መዝጊያ ጋር) ቀየርን። እጃችን እዚያ ከገባ አይቀር ቺንጋውንም ለወጥን።

እንደገና ነፋን። መርፌው አሁንም ወረደ፤ ግን በጣም በዝግታ። ሞተሩ ዙሪያውን ደረቅ ነው። የሁላችንም ሐሳብ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን ሄደ፤ እሱ ከተበላሸ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዘይቱን አየን፣ ወተት አልመሰለም። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይንተከተክም። ከጭስ ማውጫውም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የለም። ተነፈስን!

ውሃው የተገኘው ጋቢና ውስጥ ነው። ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ርጥብ ነበር። ማሞቂያው ሲከፈት መስታወቱ ይጨጋገጋል። የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ተበስታለች ማለት ነው። ሲስተሙ ውስጥ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚደባለቅ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቢኖር ኖሮ ጣፋጭ ሽታው ቀድሞ ይነግረን ነበር። ለረጅም ጊዜ የተሞላው ግን ተራ ውሃ ስለሆነ ምንም አይሸትም። ዝገቱንም ያመጣው ይኸው ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ። ትንሿን ራዲያተር ለማውጣት ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት። ለጊዜው ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝተን አለፍናት።

በመሃል «ማፍሰሻ የሚደፍን ዱቄት ጨምሩ» ያሉን ነበሩ። እንቁላል ያዘዙልንም አልጠፉም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ዱቄቱን አልከለክልም። ጋራዥ ውስጥ ግን አልደግፈውም። ቀዳዳውን ሲደፍን ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎችም ሊደፍን ይችላል።

በመጨረሻ ቡናማው ውሃ እስኪጠራ አጥበን ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞላን። ይህ ድብልቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። እኛ ግን የፈለግነው ዝገት መከላከያውን ነው። ዓይነቱን የመረጥነው ከመኪናዋ መመሪያ ላይ አይተን እንጂ በቀለሙ አይደለም። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰው ሁሉ ወዲያው ተጠርጓል፤ የተረፈውም ተቆልፎበታል። አየሩ እንዲወጣ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርገን፣ ሞተሩን ገና በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተን አስነሳን። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ሲከፈት ውሃው ጎደል አለ፤ ሞልተን ዘጋን።

አሁን ትርፍ ጋኑ ላይ የፕላስተር ምልክት አለ። ተረኛ ተማሪ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አይቶ ይመዘግባል። እስካሁን ከምልክቱ አልወረደም። ሾፌሩም ለልማዳቸው የያዙትን የውሃ ጀሪካን ገና ከመኪናዋ አላወረዱም።

በሚቀጥለው ዓመት ዳሽቦርዱን ፈተን ማሞቂያውን እናወጣለን። ፍሬኑም በይደር አለ። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ቱታ ያስፈልጋችኋል። ብሎኖችን በየቦታቸው ለይቶ ስማቸውን የሚጽፍ፣ ጽሑፉም የሚነበብ ተማሪ በተለይ እንፈልጋለን።