ቁጥሩን ከፓርቲው ለዩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጸሐፊያችሁ አሜሪካን ከጥንቷ ሮም ሪፐብሊክ ጋር ማነጻጸሩ ተገቢ ነው። የሪፐብሊኩን መውደቅ ሁሉ በዩሊየስ ቄሳር ማሳበቡ ግን አያስኬድም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ሴናተሮች የመሬት ክፍፍል ሕግ ያወጣውን ጢባርዮስ ግራኩስን በተሰባበረ የወንበር እግር ቀጥቅጠው ገደሉት። ቄሳር ያን ጊዜ አልተወለደም። ስለ መሬት መከራከር ቀርቶ መገዳደል የተጀመረው ያኔ ነው።

አሜሪካም ዛሬ በቁጥር መስማማት አቅቷታል። ሰዎች ኢኮኖሚውን እንዴት እንደሚያዩት በሚጠይቀው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሸማቾች ጥናት፣ ዋይት ሀውስ የገባው ፓርቲ ሲቀየር የሁለቱም ፓርቲዎች ደጋፊዎች መልስ ይገለበጣል። የእንቁላሉ ዋጋ ግን ያው ነው! እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 ደካማ የሥራ ሪፖርት በወጣበት ዕለት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሪፖርቱን የሚያወጣውን የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ኃላፊ አባረሩ።

እናንተም የፖለቲከኛ ንግግር ስታትሙ፣ የወሩን የሥራ አጥነትና የዋጋ ንረት አኃዝ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ከጎኑ አስቀምጡልን። አኃዙ ሲከለስም እዚያው ገጽ ላይ አሳውቁን።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ