እንቁራሪት በባልዲ አይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ ኩሬ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ፤ ደግ ነገር ነው። ደግ ያልሆነው ኩሬው ሞልቶ እንቁራሪት ሲጠፋ ልጆችን ባልዲ አስይዞ ወደ ወንዝ መላክ ነው። እባካችሁ ይህ ይቅር።

ዋናው ሰበብ በሽታ ነው። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል። እንቁራሪት ውኃና ጨው የምታስገባው በቆዳዋ ስለሆነ፣ ቆዳዋ ሲታወክ በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ይዛባና ልቧ ቀጥ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ500 በላይ ዝርያዎች የተመናመኑት በዚሁ ፈንገስ መሆኑን ገልጿል፤ 90ዎቹ ጨርሰው እንደጠፉ ይታመናል። በእኛም ደጋ ተገኝቷል። ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋልና አገሩ ተመችቶታል። ፈንገሱ ያለባት እንቁራሪት ጤነኛ ልትመስል ትችላለች፤ ከእሷ ጋር የመጣው ውኃና ጭቃም ያስተላልፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዝርያዎች ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ አገር የሉም። አንዱን ወንዝ በሌላው መበከል ቀላል ጥፋት አይደለም።

ደግሞም ተይዛ የመጣች እንቁራሪት ብዙ ጊዜ አትቀመጥም። የለመደችውን ውኃ ፍለጋ በአጥር ሾልካ ትወጣና አስፋልት ላይ ትቀራለች።

ይልቅ ኩሬው በወጉ ይሠራ፤ በአቅራቢያው ወንዝ ወይም ረግረግ ካለ ራሳቸው ይመጣሉ። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ከሥሩ 5 ሴንቲ አሸዋ ይነጠፍና ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ይለበጥ። የልባጡ ርዝመት የኩሬው ርዝመት፣ የጥልቀቱ እጥፍና ለሁለቱ ዳር በጠቅላላ 60 ሴንቲ ተደምሮ ነው፤ ወርዱም እንዲሁ ይሰላል፤ ለዚህ ኩሬ 3.8 በ3.3 ሜትር ይሆናል። በሲሚንቶ የሚያሠራ ሰው ግን ኩሬውን ሞልቶ ሳምንት እያቆየ ቢያንስ 3 ጊዜ ይድፋው፤ ከአዲስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ እንቁላሉን ይፈጃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዳሩ ላይ ነው። አራቱም ጎን እንደ ገንዳ ቀጥ ካለ የገባችው እንቁራሪት መውጫ አጥታ ትሞታለች። ስለዚህ አንዱ ጎን ከ1 ሜትር በላይ እየተንደረደረ ይውረድ፤ ላዩ ላይ ሻካራ ድንጋይና ጠጠር ይደርደርበት። ከግቢው አጥር ሥር 10 ሴንቲ የሚሰፋ ቀዳዳ ይተው፤ በዚያ ነው የሚገቡት። ጥላ ሥር የተሰበረ ገንቦ በአፉ ተደፍቶ ቢቀመጥ ቀኑን እዚያ ይውላሉ። ሕፃን ያለበት ቤት ኩሬውን በጠንካራ የሽቦ መረብ ይክደነው፤ እንቁራሪት የምታልፍበት ክፍተት ይኑረው እንጂ።

ውኃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ይደር። ፊላና ቄጠማ ይተከል፤ ሥራቸው ከመተከሉ በፊት በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ። አበባው አምሯቸው እምቦጭ የሚያመጡ ሰዎች ጣናን ያስቡ፤ ፈጽሞ አይግባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል እየረገፈ ውኃውን ያበላሻልና በየሳምንቱ ይለቀም። አጠገቡ የተባይ መድኃኒት አይረጭ፣ የልብስ ሳሙና እጣቢም አይደፋ፤ ያ ስስ የእንቁራሪት ቆዳ ሁሉንም ይመጥጣል።

ስለ ትንኝ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። እንቁራሪት ትንኝ ትጨርሳለች የሚባለው የተጋነነ ነው፤ አብዛኞቹ እጮቿም የሚበሉት አልጌ ነው። የውኃውን ፊት የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ የበለጠ ይረዳል፤ የእንቁራሪቷን እጮች እንዳይስብ አፉ በወንፊት ይሸፈን። ዓሣ ቢጨመር እንቁላሉንም እጩንም ይበላል፤ እንቁራሪት የፈለገ ዓሣ ይተው። ወባ ባለበት አገር ደግሞ የረጋ ኩሬ ከቤት አጠገብ ባይቆፈር እመርጣለሁ።

ቁፋሮው ግንቦት ላይ ቢያልቅ የሰኔ ዝናብ ይሞላዋል። በመጀመሪያው ክረምት ካልመጡ አይቸኮል። አንድ ቀን ጠዋት ፊላው ሥር የራሰ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ እንቁላል ነውና ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጠርጉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ