የለመደው ሰውነትሽ አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ?

«አሞክሲሲሊንን ሰውነቴ ለምዶታል፣ ያንኑ ደግመው ለምን አዘዙልኝ?» ላልሽው፣ የለመደው ሰውነትሽ አይደለም እማዬ፣ ባክቴሪያው ነው። የአሁኑም ያው አይደለም። ማሸጊያው ላይ 625 የተባለው 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን፣ 125 ደግሞ ክላቩላኒክ አሲድ ስላለው ነው።

ባክቴሪያ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። አሞክሲሲሊን ግድግዳውን የሚገነቡትን ኢንዛይሞች አንቆ ይይዛል፤ ግድግዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የተላመደው ግን ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም እየረጨ መድኃኒቱን ሳይደርስበት ይሰብረዋል። ክላቩላኒክ አሲድ በራሱ ብዙም አይገድልም። መልኩ ከአሞክሲሲሊን ጋር ስለሚመሳሰል ኢንዛይሙ ሊሰብረው ይይዘዋል፣ ከዚያ ተጣብቆበት ይቀራል። አሞክሲሲሊን በዚህ መሀል ያልፋል።

ሁሉንም መላመድ ግን አይፈታም። ኤምአርኤስኤ የሚባለው ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚገነባበት፣ መድኃኒቱ በደንብ ሊይዘው የማይችል ሌላ ኢንዛይም ስላለው፣ ክላቩላኒክ አሲድ አይረዳም። ስለዚህ በ2 ወይም 3 ቀን ካልተሻለሽ ሐኪምሽ ጋ ተመለሺ፣ የካልቸር ምርመራም (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳየውን) ጠይቂ።

በየ8 ሰዓቱ ከተባልሽ፣ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት አድርጊው። አሞክሲሲሊን በደም ውስጥ በ1 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውን የሚጎዳው የአንድ ጊዜ ብዛት ሳይሆን መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ዋጪው፣ የሚቀጥለው ከተቃረበ ዝለዪው፤ በፍጹም ሁለት አትደርቢ። ምግብ ስትጀምሪ ቢወሰድ ክላቩላኒክ አሲዱ ይበልጥ ይገባል፣ ሆድም ያን ያህል አይረብሽም።

አንድ ስህተት በተለይ አደራ። 625 ከጠፋ ሁለት 375 አትተኪ። 375 ውስጥ ያለው 250 አሞክሲሲሊንና ያው 125 ክላቩላኒክ አሲድ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ክላቩላኒክ አሲዱ 250 ይሆንና ተቅማጥ ያበዛል።

ፔኒሲሊን አለርጂ ካለብሽ፣ ኩላሊትሽ ከደከመ ወይም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስጂ ከሆነ ሳትጀምሪ ንገሪያቸው። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ዓይን ቢጫ ካለ ወይም ሽንት ከጠቆረ፣ መድኃኒቱን ከጨረስሽ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ ጉበትሽን ያዩልሽ፤ ይህ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ይበዛል። የተረፈ ክኒን ካለም ለሌላ ጊዜ አታስቀምጪ፣ ለፋርማሲው መልሺው።

ልጅሽ