ለወንድሜ፣ ስለ ጉማራ ውሃ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እናቴም በርትታለች፣ ስምህን ሳታነሣ አትውልም። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ በሰው በሰው ብቻ ሰላምታ ስንላላክ ኖርን። ሰሞኑን እኅትህን ገበያ አገኘኋትና በሚኒሶታ ያላችሁ የአገር ልጆች ለቀበሌያችን የመጠጥ ውሃ ገንዘብ እያዋጣችሁ መሆኑን ነገረችኝ። እጅግ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን «ከጉማራ ወንዝ በሞተር ተስቦ ክሎሪን ይጨመርበታል» ስትለኝ ሐሳብ ገባኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

የሚወርድ ውሃ ራሱን ያጠራል እየተባልን ነው ያደግነው። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው፣ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የለመደው ጨለማ፣ ሙቀትና ምግብ የሞላበትን አንጀት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ረሃብ ይጠብቀዋል፤ ባክቴሪያ እየበሉ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትም ያድኑታል። ከሁሉ የከፋችበት ጠላቱ ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረሯ ዘረመሉን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ በደንብ ዘልቃ በምትገባበት ጥርት ያለ ውሃ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በቀዝቃዛና ጨለማ ውሃ ግን ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይቆያል። ቅዝቃዜ ይገድለዋል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ የእርሱንም የአዳኞቹንም እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ዕድሜውን ያረዝምለታል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የወንዙ ወለል ነው። ባክቴሪያው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ደለሉ ውስጥ ፀሐይ አያገኘውም፣ የሚበላው ብስባሽ አያጣም፣ የሚያድኑትም እንደ ልብ አይደርሱበትም። በብዙ አገር ወንዞች እንደታየው፣ በደለል ውስጥ ያለው ብዛት ከበላዩ ከሚፈሰው ውሃ በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ እጥፍ ይበልጣል። የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ጉማራ ዓይኔ ላይ መጣ። ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ ከውሃ ማጠራቀሚያ ውሃ ለቀው በአንድ ትንሽ ወንዝ ላይ ሰው ሠራሽ ጎርፍ አስነሡ። ከሜዳው የታጠበ እበት የለም፣ የጨመረው ውሃ ብቻ ነው፤ ሆኖም በወንዙ ውስጥ የኢ ኮላይ ብዛት በመቶ እጥፍ ገደማ አሻቀበ። የመጣው ከወለሉ ነበር። ጎርፉን ሲደጋግሙት የሚወጣው መጠን እየቀነሰ ሄደ፤ ጎተራው እየተራቆተ ነበርና።

የእኛን ወንዝ አስበው። በበጋ የፎገራ ከብት ሁሉ የሚወርደው ወደዚያው ነው፤ ቆሞ ይጠጣል፣ እዚያው ይጥላል፣ በሰኮናው ወለሉን ያምሳል። ልጆች ይዋኛሉ፣ ልብስ ይታጠባል። ከላይ ጥርት ያለ የሚመስለውን ውሃ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ወስጄዋለሁ፤ ቀጥሎ እዚያው ቦታ ደለሉን በእግሬ ቀስቅሼ ቀዳሁ። በማግሥቱ ባክቴሪያው እንዲራባ ካስቀመጥኩበት የ44 ዲግሪ ማሞቂያ ሳወጣቸው፣ የሁለተኛው ናሙና ማጥለያ ወረቀት ከባክቴሪያው በበቀለ ቢጫ ነጠብጣብ ከመሸፈኑ የተነሣ ሊቆጠር አልቻለም። የመጀመሪያውም ቢሆን ነጻ አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ ኮላይ መገኘት የለበትም ይላል። ሰኔ ሲገባና ጉማራ ቡና ሲመስል የሚሆነውን አንተው ገምት።

ክሎሪኑስ ትለኝ ይሆናል። ክሎሪን ጥሩ ነው፣ እኔም ቤቴ ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ድፍርስ ውሃ ላይ ሲጨመር ግን ኃይሉን ጭቃው ውስጥ ያለው ብስባሽ ይጨርሰዋል፤ ቅንጣት ውስጥ የተሸሸገውን ባክቴሪያም በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ የወንዙን ውሃ ለመጠጣት መጀመሪያ ማዝቀጫና የአሸዋ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱን በየጊዜው የሚያጸዳ ባለሙያ፣ ለሞተሩም ነዳጅ። ገንዘባችሁ ካለቀ በኋላ ይህንን ማን ይሸከመዋል?

ከብቱን ከወንዙ ብናርቅስ የሚሉም ይኖራሉ። ይጠቅማል፤ ፈጥኖ ግን አያጸዳውም። እዚያው አንተ ባለህበት አገር፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ ኮላይ በሱፒሪየር ሐይቅ ዙሪያ ባለው አፈር ውስጥ ያን ሁሉ በረዶ ተሻግሮ እንደሚኖር እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። የእናንተን ክረምት ከተሻገረ በፎገራ አፈርና ደለልስ እንዴት አይቆይ?

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ምንጭ አጎልብቱልን። በአፈርና በዐለት ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ፣ ዓይኑ ላይ በሲሚንቶ ከተከደነ፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከተቆፈረለትና ዙሪያው ከታጠረ፣ በስበት ብቻ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ሞተር አይፈልግም። ከታች ለከብት የተለየ ማጠጫ ገንዳ ካልተሠራ ግን አጥሩ አንድ በጋ አይቆይም፤ እረኛው ምን ያድርግ?

ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ፀሐይ አለችን። የቤይሩቱ ተመራማሪ አፍቲም አክራ እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ የጠራ ውሃ በንጹሕ፣ ወረቀቱ በተላጠ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ አጋድሞ ለ6 ሰዓት ደህና ፀሐይ ላይ ማዋል፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ማዝቀጥና በጨርቅ ማጥለል ግድ ነው። ለእናቶች ማሳየት ጀምሬአለሁ።

ማኅበራችሁ ከመወሰኑ በፊት ይህንን አንብብላቸው። የምንጩን ውሃ በበጋ ለክቼዋለሁ፤ በሐምሌም ለክቼ ውጤቱን እልክልሃለሁ፣ ምክንያቱም የምንጭ ድክመቱ የሚታየው በክረምት ነው። የስልክ ቁጥርህን ከእኅትህ ወስጃለሁ፤ የሚመችህን ሰዓት ብቻ ንገረኝ።

ናፋቂ ወንድምህ