ቶራ መስክን ዘልሎ ስለ ሰገሌ መጻፍ አይቻልም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤል ባወጣችሁት ጽሑፍ የሰገሌ ጦርነት በ1908 ዓ.ም. ተደረገ ተብሏል። ትክክለኛው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ስህተቱ የመጣው ከፈረንጆቹ 1916 ላይ 8 ተቀንሶ ይመስላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከቀኑ ይልቅ ያሳዘነን ግን ንጉሡ በአንድ ቀን ውጊያ እንደተሸነፉ ተደርጎ መቅረቡ ነው። መስከረም 17 ቀን የሸዋ መኳንንት በአልጋ ላይ የነበሩትን የንጉሡን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ሽረው ዘውዲቱን ንግሥት፣ ተፈሪን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ አባትየው ወሎን አስከትተው ተነሡ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ጦር ተደመሰሰ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። የዚያን ቀን ድሉ የወሎ ነበር። ነገሩ የተበላሸው በቀጣዮቹ 8 ቀናት ነው።

የዚያ ዘመን ጦር በደመወዝ አይኖርም ነበር። ባላባቱና ሹሙ በያዘው አገር ልክ ሰው ያስከትታል፤ ወታደሩ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ስንቁ ሲያልቅ የሰፈረበት አገር ገበሬ ላይ ይወድቃል፤ ያም ሲሟጠጥ ሰፈሩ ይሳሳል። ጥይት ደግሞ ከገበሬ ጎተራ አይገኝም። ስለዚህ ከአገሩ ርቆ የሚዘምት ጦር ቶሎ መጨረስ ነበረበት፤ መቆየት የሚጠቅመው ለተቀማጩ ነው። ሸዋዎች ከግምጃ ቤታቸው አጠገብ ነበሩ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ በእነዚያ ቀናት ከየአውራጃው የሚደርሰውን ጦር አሰባሰቡ፤ መትረየስም ነበራቸው። ልጅ ኢያሱ ግን ከአባታቸው ጦር ጋር ሳይገናኙ ቀሩ።

ጽሑፋችሁ ንጉሡን የልጃቸው ጥላ ብቻ አድርጎ ማቅረቡም አይገባም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ተጠምቀው ከመሐመድ አሊነት ወደ ሚካኤልነት ከተሻገሩ በኋላ የአፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተዋል፣ ደሴን መናገሻቸው አድርገዋል፣ አድዋ ዘምተዋል፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለዋል። ያን ሁሉ ሰው ያስከተተው ይህ የረጅም ዘመን ገዥነት ነው።

እርማቱ በሚቀጥለው እትም ቢወጣ፣ ከሰገሌ ቀን ጎንም ጥቅምት 9 ቢጻፍ እንወዳለን።

የታሪክ አንባቢዎች፣ ከደሴ