የድሬ ባቡር ጣቢያ ታሪኩን እንዲያሳየን፦ የድጋፍ ጥሪ ለድሬ ልጆችና ለወዳጆቿ

ድሬዳዋ የመጣ እንግዳ የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበትን የከዚራን ሰፈር ሳያይ አይሄድም። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ትንሽ ይንሸራሸራል፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ይዘልቃል፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከዚያማ አስጎብኚው በእጁ እያመለከተ "እዚህ ጋ ተሳፋሪ ይሰለፍ ነበር፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ዕቃ ይራገፍ ነበር" ይለዋል። እንግዳው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። የሚያየው ግን ጭር ያለ ግቢና ዝገት የበላው ሐዲድ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ ይዞ ወደ ቀፊራ ገበያ ይሄዳል። አይፈረድበትም።

እኛ ያ እንግዳ ስልኩን ወደ ጣቢያው አቅንቶ ግመሎቹን፣ ተሸካሚዎቹን፣ የሚጨሰውን ባቡር በቦታቸው እንዲያይ እንፈልጋለን። ለዚህ ነው እጃችንን የዘረጋነው። እኛ ስንል የከተማዋ አስጎብኚዎች፣ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች፣ የታሪክ መምህራንና አባቶቻቸው በሽመንደፈር (በድሮው የባቡር ድርጅት) የሠሩ የሰፈር ሰዎች ነን።

ቴክኖሎጂው ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቲክቶክ ላይ ጭንቅላታችሁ ላይ የድመት ጆሮ የሚተክለው እሱው ነው። ካሜራው ፊታችሁን ይለያል፣ ጆሮውን ልክ ቦታው ላይ ያስቀምጣል፣ ዞር ስትሉ አብሮ ይዞራል። እኛ በፊት ፈንታ የጣቢያውን ግንባር እንዲለይ እናደርገዋለን። በጆሮው ፈንታ ደግሞ የድሬን ታሪክ እናስቀምጣለን።

ታሪኩስ ምን አለው የሚል ካለ፣ ከአጀማመሩ እንነሳ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ነው ሥራውን የያዘው። ከጅቡቲ ተነስቶ መጀመሪያ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ለሐዲድ አልተመቸም፣ ወጪውም የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። መጀመሪያ አካባቢ "አዲስ ሐረር" ብለዋታል። ሐረር መድረስ ያቃተው ባቡር ከተማ ወልዶ አረፈው!

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ እስኪተካውም ሐዲዱ እዚሁ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ነበረች። ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ መሀል አገር ይጓዛል። ከመሀል አገር ደግሞ ቡናውና ቆዳው በከብት ጀርባ መጥቶ እዚህ ባቡር ላይ ይወጣል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ሁሉም ሱቅ ከፈተ። ድሬ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ቀላቅሎ ሲያወራ የሚገርመው እንግዳ ካለ፣ መነሻው ያ ማራገፊያ ነው ብንለው አላጋነንም።

የመጀመሪያው ሥራችን ይህ ትዕይንት ብቻ ነው፤ የጣቢያው ፊት ለፊት፣ የመስመሩ መጨረሻ በነበረበት ዘመን። ሙሉ ከተማውን በአንዴ እንሥራ ያሉን አልጠፉም። እኛ አንዱን በደንብ እንሥራ ብለናል። ቦታው ከግቢው ውጭ ያለው አደባባይ ስለሆነም ማንም ሰው በነፃ ቆሞ ያየዋል። ወደ ግቢው ውስጥ የምንገባው የጽሑፍ ፈቃድ በእጃችን ሲገባ ነው። ያ ፈቃድ ሳይመጣ ለግቢው ውስጥ ሥራ ከተሰበሰበው አንዲት ብር አትነካም።

ካርታና ጂፒኤስ አይበቃም ወይ ብላችሁ ይሆናል። ሞክረነዋል። ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ለታክሲ ችግር የለውም፣ ለእኛ ግን ግመሉ ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይገኛል። ስለዚህ ሕንፃውን ከየአቅጣጫው፣ ፎቶዎቹ እርስ በርስ እንዲደራረቡ አድርገን ማንሳት አለብን። ኮምፒውተሩ ከእነሱ የሕንፃውን ቅርጽ ያወጣል፣ ስልኩ በዚያ ቅርጽ ቦታውን ያውቃል። የጠዋት ጥላና የማታ ጥላ ስለሚለያይ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ማንሳት ግድ ነው።

ሌላው ጉዳይ የድሬ ሙቀት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ላይ ካሜራ ከፍቶ የቆመ ስልክ ይግላል፣ ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል፣ በመጨረሻም እንቢ ይላል። እንደ ድሬ ሰው እሱም የከሰዓት የጫት በርጫውን ይፈልጋል መሰለኝ። ለዚህ ነው ጥላ ያለው ሽፋን የተገጠመላቸው ታብሌቶች የምንገዛው። ጉብኝቱም ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ይሆናል። የራሱ ስልክ ያለው ሰው መተግበሪያውን መግቢያው ላይ በዋይፋይ ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ዳታ አይበላበትም። ስልኩ ይህን ቴክኖሎጂ የማይችል ከሆነ ደግሞ የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ እያየ ትረካውን ይሰማል።

አሁን ወደ ዋናው። ግመል በኮምፒውተር መሥራት ከባድ አይደለም፤ ዛሬ ማንም ልጅ ይሠራዋል። ከባዱ እውነተኛውን ነገር ማግኘት ነው። የጣቢያው የድሮ ፖስታ ካርዶች አሉ፣ ከእነሱ ብዙ ይገኛል። ተሸካሚው ምን ለበሰ? ጭነቱ እንዴት ይታሰራል? ማን በምን ቋንቋ ይጮኻል? ይህን ፖስታ ካርድ አይነግረንም። ከልጆቹ አንዱ "የጎደለውን በኤአይ እንሙላው" ብሎ ነበር። ያወጣው ምስል እውነት ለመናገር ያምራል፤ ግን የየት አገር ጣቢያ እንደሆነ አንድዬ ይወቀው። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። ማስረጃ ያለው በቀለም ይታያል፣ ግምት የሆነው በግራጫ ይታያል። እንግዳው የትኛውን እንደምናውቅና የትኛውን እንደገመትን ለይቶ ያያል።

የቅርቡን ዘመን ግን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት አሉ። የሽመንደፈር ጡረተኞች እዚሁ ሰፈራችን ናቸው። ከእነሱ አንዱን፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ የነበሩ አባት፣ ቤታቸው ሄደን ድምፅ ልንቀዳ ሞከርን። ሶፋ ላይ ተቀምጠው "ምን እነግራችኋለሁ፣ ሥራ ነበር፣ ሠራን" ብለው ዝም። በሌላ ቀን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ጥገና ክፍሉን ለማየት አብረን ገባን። አንደኛው ማሽን ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉና በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። አጠገባቸው የነበረው ልጅ እጁን ሲሰድ "አንተ! በዚህ በኩል አይነካም፣ ጣት ይበላል" ብለው ጮኹበት። ከዚያ ማን ያስቁማቸው። የማሽኑን ድምፅ በአፋቸው አስመሰሉት፣ ሲጎዳ እንዴት እንደሚለወጥ ጭምር። የተበላሸ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ስለማይጠበቅ እዚሁ ቀርጸው ይገጥሙት እንደነበር እያሳዩ ነገሩን። ያ ድምፅ እዚያው ማሽን ፊት ለፊት ለቆመ እንግዳ ሲሰማ አስቡት። የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራችን ይህ ነው፤ ቀረጻው ግን ሁለተኛውን ምዕራፍ አይጠብቅም። ሰዎቹ አርጅተዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስቸኩለን ነገር ይህ ብቻ ነው።

ጡረተኞቹ ብቻም አይደሉም። በባቡሩ ከጅቡቲ ዕቃ ያመላለሱ እናቶች አሉ። ኮንትሮባንድ በሉት፣ ልጅ ያሳደገ ሥራ ነው። ፊናንስ (የጉምሩክ ፖሊስ) ሳይፈትሽ በፊት ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፣ ታች የሚጠብቅ ልጅ ያነሳል፣ ይሮጣል። ያ ልጅ ዛሬ ነጋዴ ወይም ዶክተር ሆኖ ይህን እያነበበ ይሆናል። "ይህማ ታሪክ አይባልም፣ ስም ያጠፋል" ያሉ ነበሩ። እኛ አልተስማማንም። ንጉሡ ያለፉበት ባቡር ታሪክ ከሆነ፣ እናቶቻችን የተጋፉበትም ታሪክ ነው። የማንንም ስም ግን ያለ ፈቃዱ አናነሳም።

ንጉሡን ካነሳን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ሐዲዱም ተቆርጦ ነበር። እነዚህም በተራቸው ይመጣሉ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ የደረሰውና ከ400 በላይ ሰው የሞተበት የባቡር አደጋ ግን በምስል አይሠራም። ቤተሰብ ያጣ ሰው ከአጠገባችን አለ። ለእሱ በጽሑፍና በትረካ ብቻ ቦታ ይኖረዋል። ይህን ከተለያየ ሰው ጋር ተነጋግረን ወስነናል፣ አንመለስበትም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ደስ ይለናል፣ እንሳፈርበታለን። ግን ዛሬ አስር ዓመት የሆነው የድሬ ልጅ የድሮውን ጣቢያ ግርግር አይቶ አያውቅም። ለእሱ ጣቢያው ግድግዳ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስፈልገን 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ነው። ትልቁ ድርሻ፣ 540 ሺህ ብር፣ ለሦስት ወጣቶች የስድስት ወር ደመወዝ ይውላል። በነፃ ይሥሩ የሚል አስተያየት ደርሶናል። ልጆቹ በነፃ ጀምረውታል፤ ግን ቤት ኪራይ በፍቅር አይከፈልም። 220 ሺህ ብር ይህን ዓይነት ሥራ የሚሸከም ላፕቶፕ ነው። 180 ሺህ ብር ለስድስት ታብሌቶች፣ 150 ሺህ ብር ለጡረተኞቹና ለእናቶቹ ድምፅ ቀረጻ፣ 130 ሺህ ብር ትረካውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ለማዘጋጀት ነው። ቀሪው 80 ሺህ ለማከማቻ ዲስክ፣ ለኢንተርኔትና ለትራንስፖርት ነው።

አንድ ሰው 500 ብር ቢያዋጣ አናሳ አይደለም፤ የአንድን አዛውንት ቀረጻ የትራንስፖርት ወጪ ይሸፍናል። ጅቡቲ፣ ጅዳ፣ ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ በቡድን ሆናችሁ አንድ ታብሌት ወይም የአንድ ወጣት የአንድ ወር ደመወዝ ብትይዙ ይቀለናል። ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሂሳብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጡረተኞቹ የተመረጠ ነው። እሱ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ቡና እንኳ አያጠጣንም። ወጪው በየወሩ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ለለጋሾች ይላካል። ገንዘቡ ካልሞላ ቀረጻውን እናስቀድማለን፣ መተግበሪያው ይጠብቃል።

የሂሳብ ቁጥሩን የምታገኙት በየሰፈራችሁ ባሉ የዕድር ሰብሳቢዎችና በየከተማው ባሉ የድሬ ልጆች ስብስብ በኩል ነው። ኢንቦክስ ገብቶ "እኔ ነኝ ሰብሳቢው" ብሎ የግል ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ እኛ አይደለንም፣ አትላኩ።

ብር የሌለው ሰው ይህን ጥሪ ዘሎ እንዳያልፍ። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የአባታችሁ የሥራ ቆብ፣ መታወቂያ፣ የተበጣጠሰ ቲኬት፣ ጣቢያው በር ላይ የተነሳችሁት ፎቶ ይኖራል። አንወስደውም። መጥተን ፊታችሁ ስካን አድርገን እዚያው እንተውላችኋለን። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ በስልክ አንስታችሁ መላክ ትችላላችሁ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ መስታወቱን አውጥታችሁ አንሱት። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም አንሱልን፤ ብዙ ጊዜ ቀኑና የሰዎቹ ስም ያለው እዚያ ነው።